ትርፍ ቦታ

መስከረም 12

ለተከበርሽው እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና ልጅቱ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነን። የእህትሽ ልጅ በቁመት አልፋኛለች። እኔም ወደ ታች እያደግኩ ስለሆነ ብዙ አልደከመችም።

ወንድሜና እህትሽ ከትንሿ ልጃቸው ጋር በዚያ ቃጠሎ ካለፉብን ሰባት ዓመት ሞላ። ያኔ በዘጠኝ ዓመቷ እጄ ላይ የቀረችው ልጅ አሥራ ስድስት ሆኗታል። ይህን የምታውቂውን ነገር የምደግምልሽ ዛሬ የምጽፍልሽ ጉዳይ ከዚያው ስለሚነሣ ነው።

ባለፈው ዓመት ለላቦራቶሪ ሙያ ማሰልጠኛ ትምህርት ቤቱ ተፈትና ለጥቂት ነጥብ በተጠባባቂነት ቀርታ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ደብዳቤ መጣ። «በተገኘው አንድ ትርፍ ቦታ ተቀብለንሻልና እስከ ጥር 15 ቀርበሽ ተመዝገቢ» ይላል። ማደሪያም ምግብም ከዚያው ነው። እኔ የስፌት ሱቄን በጠራራ ፀሐይ ዘጋሁ። ጎረቤቴ ባትሪ ጠጋኙ በጥቁር እጁ አቅፎኝ ሸሚዜን አበላሸው፤ አልተቆጣሁትም።

እሷ ግን ደብዳቤውን አጥፋ ማሽኑ ላይ አስቀመጠችና «አይገባኝም» አለች። የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ከብዷት መስሎኝ ከመጀመሪያው ጀምሬ ላብራራላት ተነሣሁ። ተመዝገቢ ማለት ስምሽን አስገቢ፣ ተጠባባቂ ማለት እንዲህ፣ እያልኩ ስለፈልፍ አዳመጠችኝ። ስጨርስ፣ «ጋሼ፣ ቋንቋውማ ገብቶኛል። ቦታው ነው የማይገባኝ» አለች።

ከዚያ ወዲህ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ትርፍ ከሆነ ከማን የተረፈ ነው? ባለቤቷ ታማ ነው? ሞታ ነው? ያን ሳታውቅ እንደማትሄድ ነግራኛለች። አንቺ ልማዷን አታውቂም። ከእኔ በኋላ ከድስቱ ሥር ጠርጋ ትበላለች። አግዳሚ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ጫፉን ነው የምትይዘው፣ ሰው መጥቶ ተነሺ እንዳይላት። አዲስ ጨርቅ ልቁረጥልሽ ብላት የደንበኛ ቁርጥራጭ ቀጣጥላ ትለብሳለች። «እኔ ትራፊ ነኝ» ትላለች ራሷን። ቃሉን ከየት እንዳገኘችው ዛሬ አላነሣውም።

እንግዲህ ከእናቷ ወገን የቀረሻት አንቺ ነሽና አንድ ቃል ጻፊላት። እግረ መንገድሽንም የቅርብ ማንበቢያ መነጽር ካገኘሽ ላኪልኝ፤ ዓይኑ ለደከመ አንድ ጎረቤት ነው።

አክባሪ ወንድምሽ፣ ሰፊው


ጥቅምት 9

ለተከበሩ ጋሼ፣

በያሉበት ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔ ደህና ነኝ። አሁንም እዚያው ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ነው ያለሁት። መስኮት የለንም፤ ዝናብ መዝነቡን የምናውቀው ተረኞቹ እርጥብ ጫማ አድርገው ሲገቡ ነው።

ደብዳቤዎን ሳነብ ደስታውም ፍርሃቱም አንድ ላይ ያዘኝ። ጋሼ፣ ይህ ዕድል ሁለተኛ አይመጣም። ልጅቱ የምትጠይቀውን ጥያቄ አይመልሱላት። ወይም ይዋሿት። ትምህርት ቤቱ አንድ ወንበር ጨመረ፣ ከማንም አልተወሰደም፣ ይበሏት። በእርግጥ የሞተች ብትኖር እንኳ አይንገሯት። ሕፃን ናት፣ ታምንዎታለች። አንዴ ገብታ መማር ከጀመረች ትረሳዋለች። ውሸቱ በእኔ ይሁን፤ ይህን ደብዳቤም አንብበው ይቅደዱት።

ለጉዞዋ የሚሆን ትንሽ ነገር አያይዣለሁ። ለእሷ ለብቻዋ ልጽፍ ቁጭ ብዬ ነበር፣ ሥራ በዛብኝና አልሆነም። መነጽሩ ለየትኛው ጎረቤት ነው? የዓይኑን ልክ ሳላውቅ ልገዛ አልችልም።

እህትዎ


ኅዳር 4

ለተከበርሽው እህቴ፣

ለጤናሽ ደህና ነሽ ወይ? እኛ አለን።

ደብዳቤሽ ደረሰ። እንደ ልማዳችን ከሥራ በኋላ በሩ አጠገብ ቁጭ አልን፤ ልጅቱም አነበበችልኝ።

አዎ፣ እሷ ናት የምታነብልኝ። የደብዳቤ ፊደል ለይቼ ካነበብኩ ስምንት ዓመት አለፈኝ። ለዘመድ እንኳ ያልነገርኩት፣ ሰፊ ዓይኑ ደከመ ከተባለ ማን ጨርቁን ያምነዋል ብዬ ነው። ጨርቁን በጣቴ ነው የማየው። እሷ ጠዋት ከመሄዷ በፊት ሃያ መርፌ ክር እያስገባች ትተክልልኛለች፣ ቀኑን በዚያ እውላለሁ። እኔ ፊደሌን ይህን ያህል አግዝፌ የምጽፈው ለክብርሽ መስሎሽ ከሆነ ይቅር በይኝ። መነጽር የሚፈልገው ጎረቤት እኔው ነኝ።

ስለዚህ «ይዋሿት» የሚለውን በራሷ አፍ አነበበችው። ድምፅዋን አልቀየረችም። «ሕፃን ናት፣ ታምንዎታለች» የሚለው ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆም ብላ ቀጠለች። «አንብበው ይቅደዱት» የሚለውን ካነበበች በኋላ «ልቅደደው ጋሼ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁለተኛ ምስጢር ስትጽፊ እባክሽ በትልልቁ ጻፊ።

የመጣው ከመጣ ዘንድ የቀረውንም ላውጣው። ከቃጠሎው በኋላ የላክሽውን የመጀመሪያ ደብዳቤ ታስታውሻለሽ? «ከአራቱ መሐል እሷ ብቻ ተረፈች?» ብለሽ ጽፈሽ ነበር። ያንንም ያነበበችልኝ እሷ ናት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፣ በጣቷ እየተከተለች። እኔ ሐዘን እንደሆነ ገብቶኛል፤ እሷ የገባት ሌላ ነው። «ትራፊ» የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። በዚያው ደብዳቤ ወደ አንቺ እወስዳታለሁ ብለሽ ቃል ገብተሽ ነበር። ሦስት ዓመት ፖስተኛው ሲመጣ ደጅ ትወጣ ነበር፣ ከዚያ መውጣቱን ተወችው። አልወቅስሽም። ነገር ግን አንቺም ማወቅ ያለብሽ መሰለኝ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በቃጠሎው ቀን እናቷ የላከቻት የትምህርት ቤት ቀሚሷን ከእኔ ዘንድ እንድታመጣ ነው። ቀሚሱ አልቆ ነበር። የማሽኑን ፔዳል ልርገጥ ብላኝ አንድ ሰዓት ያስረገጥኳት እኔ ነኝ። እሷ ግን «ቤቴ ሲቃጠል እየተጫወትኩ ነበር» ነው የምትለው። ስንት ጊዜ ነገርኳት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄድኩ። መዝጋቢው ጥሩ ሰው ነው፤ መዝገቡን ገልጦ የባለቦታዋን ስም ነገረኝ፣ በሐምሌ ትኩሳት ይዟት በስድስት ቀን መሞቷንም። ስሙን አውቀው ነበር። እህቴ፣ ሱቄ ውስጥ ሦስተኛው ምስማር ላይ ነጭ ጋውን ተሰቅሏል። ለዚያው ትምህርት ቤት የምትገባ ልጅ እናት ናት በግንቦት ያሰፋችው። በሐምሌ እወስዳለሁ ብላ አልመጣችም። ትምህርት ቤቱ በሚያዘው መሠረት የባለቤቱ ስም በቀይ ክር ከአንገቱ ሥር ተጠልፎበታል። የጠለፈችው ልጃችን ናት።

ሱቅ ተመልሼ መቀሴን አነሣሁ። ግን ዓይኔ ወደ ምስማሩ ሄደ መሰለኝ። ቀና ብላ አየችኝና «የእሷ ነው፣ አይደል?» አለች። አዎ አልኳት። ከዚያ ወዲያ ስለ ትምህርት ቤቱ አላወራችም። ጋውኑን ግን በየሳምንቱ አውርዳ አቧራውን ታራግፋለች። የቀረን ሁለት ወር ብቻ ነው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 8

(በትልልቅ ፊደል የተጻፈ)

ጋሼ፣ ይህን ራስዎ ያንብቡት።
መነጽሩን ልኬያለሁ። የማይሆን ከሆነ ይጻፉልኝ፣ እቀይራለሁ።
ሁለተኛው ወረቀት የእሷ ነው። አይክፈቱት።
ስለዘገየሁ ይቅርታ። አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ።


(ሁለተኛው ወረቀት)

የእህቴ ልጅ ሆይ፣

እንደምን አለሽ ለማለት እንኳ አፈርኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ «ልጅቱን ይሳሙልኝ» እያልኩ በሰው ደብዳቤ ጫፍ ላይ ሳስቀምጥሽ ኖሬ፣ አንዴ በስምሽ ሳልጽፍልሽ።

ያን ዓረፍተ ነገር ጽፌዋለሁ። ሐዘን ነበር፣ ሌላ ትርጉም የለውም ብዬ ልምልልሽ ነበር፤ አራት ወረቀት የቀደድኩት ይህንኑ እየጻፍኩ ነው። አንቺን ግን ከዚህ በኋላ የሚዋሽሽ አይኑር። እውነቱ፣ በዚያች ሰዓት እህቴን ነበር የፈለግኩት። አንቺን ያየሁሽ ገና አፍሽን ስትፈቺ ነው፤ እህቴን ግን አብሬያት አንድ ብርድ ልብስ ለብሼ አድጌያለሁ። ከአራት ሰው አንድ ይተርፍልሻል ብሎ የጠየቀኝ ቢኖር እሷን እል ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ማንም አንቺንም አልጠየቀሽም።

ፎቶሽን ጋሼ ሲልኩልኝ ቁርጥ እናትሽ ሆነሽ መጣሽ። ዓይኗ፣ ግንባሯ፣ ያችው ናት። የመውሰጃሽ ወረቀት አላለቀም፣ ቤት ጠበበኝ እያልኩ ሦስት ዓመት ሰበብ የደረደርኩት በየቀኑ ያንን ፊት ማየት ፈርቼ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። አንቺ የማትፈለጊ ሆነሽ አይደለም የቀረሽው፤ እኔ ፈሪ ሆኜ ነው። ይህን በጣትሽ እየተከተልሽ ሁለት ጊዜ አንብቢው።

ስለ ሞተችው ልጅ አውቄያለሁ። እኔ ወደምሠራበት ክፍል በቀን ስምንት መቶ አንሶላ ይወርድልናል። የወለደችውም የሞተውም አንሶላ አንድ በርሜል ውስጥ ነው የሚታጠበው። ከሰዓት በኋላ ትኩሱን አጥፌ ስልከው ሌላ ሰው ይተኛበታል። ከእኔ በፊት እዚህ አልጋ ላይ ማን ነበር ብሎ የጠየቀ በሽተኛ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ቢጠይቁ ኖሮ የሚድን አይኖርም ነበር። አንቺ በመጠየቅሽ ግን አልቆጣሽም። እኔ ለአንቺ ያላሰብኩትን ያህል አንቺ ለማታውቂያት ልጅ አሰብሽ።

ይገባሻል ብዬ ላሳምንሽ አልችልም፣ አፍም የለኝ። ብቻ ሂጂ። የሚገባሽ ሳይመስልሽም ሂጂ።

አክስትሽ


ጥር 2

ለተከበርሽው እህቴ፣

ሰላምታዬ በያለሽበት ይድረስሽ። መነጽሩ ልክ ሆነ። መጀመሪያ ያየሁት የራሴን እጅ ነው፤ እንዲህ ማርጀቱን አላወቅኩም ነበር። ቀጥዬ መርፌ አነሣሁና በራሴ ክር አስገባሁ። ልጅቱ አይታኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለካ እኔን ትቶ መሄድ መክበዱም አንዱ ሰበቧ ነበር።

ያንቺ ወረቀት ምን እንደሚል አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አንድ ቀን ሙሉ ኪሷ ውስጥ ይዛው ዋለች።

ባለፈው ሐሙስ የጋውኑ ባለቤት እናት መጣች። ጥቁር ለብሳ የሱቄን ደረጃ ወርዳ ገባችና «አሰፍቼ የተውኩት ነበር» አለች። አወረድኩላት። ልጠቀልል ወረቀት ስፈልግ ልጃችን ከማሽኑ ተነሣች። ቆሌዬ ተገፈፈ፤ ተይ ልላት አልደረስኩም።

«እማማ፣ የልጅዎን ቦታ ለእኔ ሰጥተውኛል። እስካሁን አልተቀበልኩም» አለቻት።

ሴትየዋ አየቻት፣ ብዙ አየቻት። «ታዲያ አትሂጂ እንድልሽ ነው?»

«አላውቅም።»

«ወንበሩ ባዶ ቢቀር የእኔ ልጅ ትመጣለች?»

«አትመጣም።»

«ታዲያ ምን ሁኚ ነው የምትይኝ? ፍቀጂልኝ? እኔ የማን ፈቃድ ተጠየቅኩ?»

 ሴትየዋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ መሐሉ ላይ። ከዚያ «ቀጥ ብለሽ ቁሚ እስቲ» አለቻትና ጋውኑን ትከሻዋ ላይ ለካችው። «ያጥራታል» አለች፣ ለእኔ።

እኔ ሰፊ ነኝ እህቴ፣ አፌ የለመደውን ነው የተናገረው። «ከጫፉ አራት ጣት ትርፍ ትቼበታለሁ። ልጅ ታድጋለች ብዬ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ምላሴን ብቆርጠው ወደድኩ።

«ታድጋለች ብለው» አለች ሴትየዋ። አልጮኸችም። ጋውኑን ማሽኑ ላይ አስቀመጠችው። በሩ ጋ ስትደርስ ወደ ልጅቱ ሳትዞር፣ «ስሟን አትፍቺው። ከፈለግሽ የራስሽን ከሥር ጨምሪ» ብላ ወጣች። አልመረቀቻትም፣ አልሳመቻትም። እኔ እንዲያ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልሆነም።

ልጅቱ ይህን ስጽፍልሽ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የጋውኑን ጫፍ በምላጭ እየፈታች ነው። ምን ልታደርግ ነው ብዬ አልጠየቅኩም። በመነጽሩ አሻግሬ እያየኋት ነው።

ወንድምሽ


የካቲት 6

ለአክስቴ፣

«እርስዎ» ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት። አፌን ስፈታ እርስዎ ብዬሽ እንደማላውቅ ጋሼ ነገረኝ።

ጥር 14 ተመዘገብኩ። አንድ ቀን ቀርቶ ነበር። ጋሼ እስከ በሩ ሸኝቶኝ ጥበቃውን ስለ ኮቱ እጅጌ ሲያናግረው ነበር፣ እንዳያለቅስ ብሎ። ክፍላችን ውስጥ ስድስት አልጋ አለ። የእኔ በሩ አጠገብ ያለው ነው። ማንም አልመረጠልኝም፣ እኔው ነኝ ጫፍ የፈለግኩት።

ጋውኑ ልኬ ሆኗል። አራቱንም ጣት ፈታሁት። የድሮው እጥፋት መስመር ግን ስንት ጊዜ ብተኩሰው አልለቀቀም፤ ከጉልበቴ በታች ዙሪያውን ይታያል። ስሜን ከሥር ለመጨመር ቀዩን ክር ይዤ መጥቼ ነበር። ሦስት ሳምንት ሳጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩት። መምህራችን የደም ጠብታ መስታወት ላይ እንዴት እንደሚሳብ ስታሳየን እንኳ ሐሳቤ የጋውኑ ባለቤት ጋ ነበር። እሷ ብትሠራው ኖሮ ጠብታው ቀጥ ብሎ ይሳብ ነበር እላለሁ። የእኔ ይጣመማል።

ባለፈው ቅዳሜ ልብስ አጣቢዋ የታጠበውን ጋውን ይዛ ግቢ ውስጥ ታድል ነበር። ከአንገቱ ሥር ያለውን ስም እያነበበች ነው የምትጠራው። አንድ ስም ጠራች። ማንም አልመለሰም። ደገመችው። ሌሎቹ ተያዩ፤ ያንን ስም የሚያውቀው የለም። ሦስተኛ ልትጠራ ስትል «አቤት» አልኩ።

«ያንቺ ነው?» አለችኝ።

«የእሷ ነበር። አሁን የእኔ ነው» አልኳት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ሁሉም ሰማኝ።  ሴትየዋ ምንም አልደነቃትም፤ ጋውኑን ክንዴ ላይ ጣል አድርጋ ቀጣዩን ጠራች። ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩና ስሜን ከስሟ ሥር ጠለፍኩት። እስኪጨልም ፈጀብኝ።

ወረቀትሽን በጣቴ እየተከተልኩ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እናቴን እንደምትመርጪ ስለነገርሽኝ አልተቀየምኩም፤ እኔም እሷን ነው የምመርጠው። ስለ ሦስቱ ዓመት ግን ይቅር አላልኩሽም። እልሽ ይሆናል፣ ገና አላውቅም። ብቻ መጻፍ እንዳታቆሚ። በጋሼ ደብዳቤ ጫፍ ሳይሆን በስሜ ጻፊልኝ፣ እናቴ ልጅ ሳለች ምን ትመስል እንደነበር፣ ብርድ ልብሱን ማን ይስብ እንደነበር። በትንንሽ ፊደል ጻፊው፣ ብዙ እንዲይዝ። የእኔ ዓይን ደህና ነው።

የእህትሽ ልጅ